አሜሪካዊውን ጥቁር ገጣሚ ሮበርት ሄይደንን ማንበብ ለምትፈልጉ፣ ከየት ይጀመር?

ብዙ ሰው የአንድ ገጣሚ ታሪክ ሲያነብ ከሽልማቱና ከማዕረጉ ነው የሚነሳው፣ ሄይደንን ግን እንደዛ ባትጀምሩት እመክራለሁ። መጀመሪያ "ዞዝ ዊንተር ሰንደይስ" (እነዚያ የብርድ ወቅት እሁዶች) የሚለውን የእንግሊዝኛ ግጥሙን ፈልጉ፣ ኦንላይን በቀላሉ ይገኛል፣ 14 መስመር ብቻ ነው። ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡት፣ በመጀመሪያው ንባብ ዲክሽነሪ አትክፈቱ። አባትየው እሁድ እንኳን ሳይቀር በዛ ብርድ ተነስቶ እሳት ያነዳል፣ የልጁን ጫማ ይወለውላል፣ ማንም ግን አያመሰግነውም። እየተደጋገመ የሚመጣውን የ"ክ" ድምፅ በጆሯችሁ ተከታተሉት፣ ብርዱ ሲሰነጠቅ ይሰማችኋል!

አሁን ወደ ህይወቱ። በ1913 (በፈረንጅ ነው ሁሉም) ዲትሮይት ሲወለድ ስሙ ኤሳ ሼፊ ነበር፣ ወላጆቹ ሲለያዩ ጎረቤቶቻቸው ሄይደኖች ወስደው አሳደጉት፣ ስምም አወጡለት፣ በህግ ጉዲፈቻ እንዳልተደረገ ያወቀው ግን ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ነው። ይሄን ይዛችሁ ግጥሙን ድጋሚ አንብቡት፣ ያ አባት በጣም ይለወጥባችኋል።

አስተማሪነቱን አትዝለሉት። ሚችጋን ዩኒቨርሲቲ ታዋቂው ገጣሚ ኦደን አስተማረው፣ ከ1946 ጀምሮ ደግሞ ናሽቪል ፊስክ ዩኒቨርሲቲ 23 ዓመት አስተማረ፣ ጫናው ከባድ ስለነበር ለመፃፍ የሚተርፈው ጊዜ ትንሽ ነበር። 1966 ላይ ትንሽ ቆም በሉ፣ በዛው ዓመት ሴኔጋል ዳካር ላይ ትልቅ የግጥም ሽልማት ተሸለመ፣ እዛው ፊስክ በተደረገ የፀሐፊዎች ስብሰባ ደግሞ ክፉኛ ተተቸ፣ ምክንያቱም ከዘሬ በፊት ገጣሚ በሉኝ ይል ስለነበር። የሁለቱንም ወገን ሃሳብ አንብቡ፣ ግን ከመፍረዳችሁ በፊት "ሚድል ፓሴጅ" የሚለውን ረጅም ግጥሙን አንብቡ። የባሪያ ንግዱንና አሚስታድ በምትባለው መርከብ ላይ ባሮቹ ያስነሱትን አመፅ በመርከበኞቹ በራሳቸው አፍ ነው የሚያስተርከው፣ ተናጋሪው ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ማን እያወራ እንደሆነ ጠርዙ ላይ በእርሳስ ፃፉ፣ አለዚያ ትጠፋላችሁ። ይሄን የፃፈ ሰው ወገኑን ረሳ የሚለው ነገር ለኔ በጭራሽ አይዋጥልኝም።

ማዕረጉን መጨረሻ ላይ እዩት፦ ከ1976 እስከ 1978 የአሜሪካ ኮንግረስ ላይብረሪ የግጥም አማካሪ ነበር፣ በቦታው የመጀመሪያው አፍሪካ አሜሪካዊ። ቦታው ፖየት ሎሬት (የሀገሪቱ ባለ ማዕረግ ገጣሚ) የተባለው እሱ በ1980 ካረፈ በኋላ ስለሆነ ስለሱ ስትፅፉ አታቀላቅሉት።

ከዛ ከባርነት አምልጦ ባርነትን ስለታገለው ሰው የፃፈውን "ፍሬድሪክ ዳግላስ" የሚለውን ግጥሙን ያዙ፣ እሱም 14 መስመር ነው፣ ግን ዓረፍተ ነገሩ በጣም ረጅም ስለሆነ ትንፋሻችሁን ሰብስባችሁ ጀምሩት።