ቦሎቄ ስትቀቅሉ በዛ አድርጉት
የታሸገ ቦሎቄ የምትገዙ ከሆነ ለቆርቆሮውና ለውሃው ጭምር እየከፈላችሁ ነው። ደረቁን ግዙ። 1 ኩባያ ደረቅ ቦሎቄ ሲበስል ወደ 3 ኩባያ ይጠጋል።

«ማን ሲቀቅል ይውላል?» ትሉ ይሆናል። እኔም እል ነበር። ዘዴው ማታ ከመተኛት በፊት መዘፍዘፍ ነው። ውሃው ላይ ትንሽ ጨው ጣል አድርጉበት፤ ልጣጩን ያለሰልሰዋል። ጨው ያደነድነዋል የሚባለውን እርሱት። አልበስል የሚያሰኘው ቲማቲም፣ ሎሚና ኮምጣጤ ነው። እነሱን ከለሰለሰ በኋላ ጨምሩ። እኔ አንዴ ቲማቲሙን አስቀድሜ ከትቼ እራቴን እኩለ ሌሊት ላይ በልቻለሁ።

ጠዋት የተዘፈዘፈበትን ውሃ ድፉና በአዲስ ውሃ ጣዱት። በተለይ ቀዩ ቦሎቄ መጀመሪያ ላይ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ፣ ከተቻለ ለ30፣ በደንብ ይንተክተክ። ጥሬው ወይም ለብ ባለ ሙቀት ብቻ የቆየው ሆድ ክፉኛ ያውካል። ይህቺን እንዳትዘሏት! ከዚያ እሳቱን ቀንሳችሁ እስኪለሰልስ ተዉት።

ሲቀዘቅዝ ለአንድ ጊዜ በሚበቃ መጠን በላስቲክ እየከፋፈላችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት። ፍሪጅ ውስጥ ብቻ ከሆነ ግን በ3 ወይም በ4 ቀን ጨርሱት። ደክሟችሁ ቤት ስትገቡ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አቁላልታችሁ አንዱን ላስቲክ መገልበጥ ነው። ሩዝ ካለማ እራቱ አለቀ። ምስር ለሚወድ ደግሞ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም፤ ሳይዘፈዘፍም ቶሎ ይበስላል።