አሮጌ ማዝዳ ሚያታ ላይ የሆንዳ ኬ24 ሞተር ሲገጠም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለአሜሪካ ገበያ ከ1990 እስከ 1993 የወጣችው ማዝዳ ሚያታ ባለ 1.6 ሊትር ሞተሯ 116 የፈረስ ጉልበት አላት። ክብደቷ አንድ ቶን ስለማይሞላ ኩርባ ላይ ታስደስታለች፤ ዳገት ላይ ግን ትለምናለች። በየቤቱ ጋራዥ የአኩራ ቲኤስኤክስ (አኩራ የሆንዳ ውድ መኪኖች ስም ነው) ኬ24 ሞተር የሚገጠምላት ለዚህ ነው፦ 2.4 ሊትር፣ 200 የፈረስ ጉልበት፣ ቺንጊያ ሳይሆን ሰንሰለት ያለው። ሱፖርቶው (የሞተሩ መያዣ)፣ ኮፓው (የዘይት መያዣው) እና ከሚያታ ካምቢዮ ጋር የሚያገናኘው ሰሌዳ በአንድ ላይ፣ ኪት ሆኖ ተዘጋጅቶ ይሸጣል። ከባዱ ሥራ ያለው ኪቱ የማይመልሰው ላይ ነው።

ዕቃው ሳይሟላ መኪናዋን መፍታት

ዓመት ሙሉ በእንጨት ላይ ቆመው የሚቀሩ ሚያታዎች አብዛኞቹ የተበላሹት እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ፣ ኪቱ፣ ኮምፒውተሩ፣ የሽቦ ሥራውና የጭስ ማውጫው እጅ ከገቡ በኋላ ብቻ ይፍቱ። እያንዳንዱን ሶኬት ከመንቀልዎ በፊት ፎቶ ያንሱ፤ የሚጣበቅ ወረቀትም ላይ ይጻፉበት። የድሮዎቹ ሚያታዎች ኤሲ በአር-12 ጋዝ የሚሠራ ስለሆነ ቱቦውን ፈትቶ ወደ አየር መልቀቅ በአሜሪካ ሕግ ክልክል ነው፤ ጋዙን አስቀድመው በመሰብሰቢያ ማሽን ማስወጣት አለብዎት።

ሞተሩን በኪሎሜትር ብቻ መግዛት

ኬ24 ጠንካራ ነው፤ አንድ የታወቀ በሽታ ግን አለው፦ የጭስ ማውጫ በኩል ያለው ካም (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ተበልቶ ያልቃል። የቫልቭ ሽፋኑን ያስከፍቱና የካሙን ጉብታዎች በባትሪ ብርሃን አንድ በአንድ ይዩ፤ ፊታቸው እንደ መስታወት ለስላሳ ካልሆነና በጥፍር ሲነኩት የሚይዝ ጉድጓድ ካለበት ይለፉት፣ ወይም ከሞተሩ ዋጋ ላይ የካምና የሮከር (ካሙ የሚገፋው ክፍል) ዋጋ ያስቀንሱ። ኮምፕረሽን ሲለካ በሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ከ2 ባር መብለጥ የለበትም።

የ2004 እና የ2005 ሞተር ነዳጅ መስጫው በገመድ ነው፤ ከ2006 ወዲህ ያለው በኤሌክትሪክ ነው። የሚያታው ፔዳል ገመድ ስለሚጎትት የመጀመሪያው ብዙ ራስ ምታት ይቀንሳል።

ካሊፎርኒያ የሚኖሩ ከሆነ አንድ ነገር ይጨምሩ፦ የሚገባው ሞተር ከመኪናዋ ዓመት ጋር እኩል ወይም ከዚያ አዲስ መሆን አለበት፤ የጭስ ማጣሪያ ዕቃው ሁሉ አብሮ መግጠም አለበት፤ ከዚያም የግዛቱ ሪፈሪ (የተቀየሩ መኪኖችን የሚመረምር ባለሙያ) አይቶ ማጽደቅ ይኖርበታል። ካታሊስቱን (ጭሱን የሚያጣራውን ዕቃ) ከጥርጊያ ጋር የጣለ ሰው ተመልሶ ይገዛዋል። (አገር ቤት ደግሞ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬ ላይ ስለሚጻፍ፣ ሞተር የቀየረ ሰው ሊብሬውን ሳያስተካክል ምርመራ ላይ አይቅረብ።)

ካምቢዮውን በቡሎን ስቦ ማስገባት

በጣም የተለመደውና በጣም ውድ የሚሆነው ስህተት ይህ ነው። ካምቢዮው እስከ መጨረሻው ሊገባ አንድ ሴንቲሜትር ሲቀረው እጅ ይደክማል፤ ቡሎኖቹን አስገብቶ ማጥበቅ ደግሞ ይቀላል። ያኔ ወይ የፍሪሲዮን ዲስኩ መሃል ይታጠፋል፣ ወይ የካምቢዮው የአልሙኒየም ጆሮ ይሰነጠቃል። ቀጥ ብሎ የቆመ ካምቢዮ በእጅ ተገፍቶ ሰሌዳው ላይ ሙሉ በሙሉ መቀመጥ አለበት። እምቢ ካለ ዲስኩ ከመሃል ወጥቷል ወይም ጥርሶቹ አልተገናኙም ማለት ነው፤ ማርሽ ውስጥ ይክተቱትና አንድ ሰው እየገፋ ሌላው የኋላውን ዘንግ ቀስ ብሎ ያዙር።

ከዚያ በፊት ግን ሰሌዳው መሃል መሆኑን በዳያል መለኪያ ያረጋግጡ። መለኪያውን ቮላኖው (ከሞተሩ ጀርባ የሚዞረው ከባድ ጎማ መሰል ብረት) ላይ አስረው ሞተሩን በእጅ ሲያዞሩ ጠቅላላ መንቀጥቀጡ ከ0.13 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም። ከበለጠ የመሃሉ ኩሽኔታና የካምቢዮው የፊት ዘንግ ቀስ በቀስ ይበላሉ፤ ድምፁ ከወራት በኋላ ይመጣና ሰው ካምቢዮውን ይከሳል።

ቦታውን ሳይለኩ መበየድ

ሚያታ ላይ ካምቢዮውን ከዲፈረንሻሉ ጋር የሚያያይዝ ረጅም የአልሙኒየም አካል አለ። ስለዚህ የሞተሩ ማዕዘን እንደ ልብ የሚስተካከል አይደለም፤ ይህ አካል ታስሮ፣ ሱፖርቶዎቹ ጠብቀው፣ ኮፈኑ ተዘግቶ ነው ሁሉም የሚለካው። ሞተሩ ላይ የልጆች መጫወቻ ጭቃ ጉብ አድርገው ኮፈኑን ቀስ ብለው ይዝጉ፤ የቀረው ውፍረት ክፍተትዎን ይነግርዎታል። የጎማ ሱፖርቶ ስለሚወዛወዝ በሞተሩና በብረቱ መካከል ቢያንስ 12 ሚሊሜትር ይተዉ።

የሚረሳው ሌላው ነገር ጎኑ መገልበጡ ነው። የሚያታው ሞተር ጭሱን በግራ ያወጣል፣ አየሩን በቀኝ ያስገባል፤ ኬ24 ተቃራኒው ነው። የአየር ማስገቢያው ከፍሬን ሰርቮው ጋር በአንድ ወገን ይጋፋል። ጭስ ማውጫውን ከሁሉም በኋላ ያስበይዱ።

ውሃው የት እንደሚሄድ አለማወቅ

ኬ24 ሆንዳ ላይ ወደ ጎን ነው የሚተኛው። ቀጥ ተደርጎ ሲገጠም የሙቅ ውሃ መውጫው ከካቢኔው ግድግዳ ጋር ይፋጠጣል፤ መልሶ ወደ ፊት የሚያመጣ መውጫ ያስፈልገዋል። ይህን ኪቱ አብዛኛውን ጊዜ ይመልሳል።

ሰዎች የሚሳሳቱት ማሞቂያው ላይ ነው። የኬ24 ቴርሞስታት ያለው በሚገባው ውሃ በኩል ነው። ሙቀቱ የሚደርሰው በማሞቂያው በኩል ዞሮ ከሚመለሰው ውሃ ነው። ክብደት ለመቀነስ ማሞቂያውን አውጥቶ ሁለቱንም ቱቦ በቡሽ የደፈነ ሰው ቴርሞስታቱን ያሳውራል፤ ቴስታታው ሲፈላ ቴርሞስታቱ ግን በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተዘግቶ ይቀመጣል። ማሞቂያ የማይፈልጉ ከሆነ ሁለቱን ቱቦዎች እርስ በርስ ያገናኙ እንጂ አይድፈኑ።

የ30 ዓመቱን ራዲያተር ደግሞ አያድኑት፤ የላይኛው ፕላስቲክ ወደ ቡናማነት ከተቀየረ ለመሰንጠቅ ተቃርቧል። ውሃ ሲሞሉ የመኪናዋን አፍንጫ በክሪክ ከፍ አድርገው፣ ማሞቂያውን ሙሉ ከፍተው አየሩ ወጥቶ እስኪያልቅ ይጠብቁ።

የሞተሩን መሬት (የኤሌክትሪክ መመለሻ ሽቦ) መርሳት

የሚያታ ባትሪ ያለው ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው፤ ነጌቲቩ እዚያው ሻንሲው ላይ ይታሰራል። ሞተሩ ደግሞ በጎማ ላይ ተቀምጧል። ሞተሩን ከሻንሲ የሚያገናኝ ወፍራም ሽቦ ካልታሰረ የሞተሪኖው ኃይል ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ ያገኘውም የነዳጅ መስጫውን ገመድ ይሆናል። ቁልፍ ሲዞር ገመዱ ይሞቃል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ፔዳሉ ተጭኖ ይቀራል። ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ የታየበት ቦታ ላይ ሁለት ወፍራም ሽቦ ይሰሩ፦ አንዱ ከብሎኩ፣ አንዱ ከቴስታታው። «ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል» የሚባለው ችግር ብዙ ጊዜ እዚህ ያልቃል። የቲኤስኤክስ ኮምፒውተር ግን ያለ ቁልፉ ኢሞቢላይዘር (የስርቆት መከላከያ) ስለማያስነሳ፣ ፕሮግራም የሚደረግ ኮምፒውተር ከመጀመሪያው በበጀት ይያዝ።

ነዳጁ

ሚያታ የሚሄድና የሚመለስ ሁለት ቱቦ አላት፤ የቲኤስኤክስ ነዳጅ ግን መመለሻ የለውም። መመለሻውን በቡሽ አይድፈኑ፤ ሬጉላተር (የግፊት መቆጣጠሪያ) ሞተሩ አጠገብ ገጥመው ወደ 3.4 ባር ያስተካክሉ። ቱቦው ለኢንጀክሽን የተሠራ ይሁን፤ የካርቡራተር ቱቦ ይህን ግፊት አይችልም።

የድሮውን ዲፈረንሻልና ፍሬን መተው

የ1.6ቷ ዲፈረንሻል ባለ 6 ኢንች ነው፤ ይህን ጉልበት ብዙ አይሸከምም። ከ1994 ወዲህ ያለው ባለ 7 ኢንች ይገጥማል፤ ግን ለብቻው አይደለም፣ ከጎን ዘንጎቹና ወደ እሱ ከሚመጣው ዘንግ ጋር ነው የሚገዛው። የፊት ፍሬን ዲስኩም ከ235 ወደ 255 ሚሊሜትር ያደገው በዚያው ዓመት ስለሆነ ከዚያችው መኪና ማውጣት ይቻላል።

ቁልፍ ቶሎ ማዞር

ወራት የቆመ ሞተር ውስጡ ደርቋል። ካንዴላዎቹን ያውጡ፣ የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝ ይንቀሉ፣ የዘይት ግፊት እስኪታይ በሞተሪኖው ያዙሩ፤ በየ10 ሰከንዱ ያሳርፉት። ከዚያ ካንዴላውን ሳይመልሱ ፊውዙን ብቻ ያስገቡና ቁልፉን ሳያስነሱ ይክፈቱ፤ ፓምፑ ሲሠራ እያንዳንዱን የነዳጅ መገናኛ በደረቅ ወረቀት ይዳስሱ። ወረቀቱ ከረጠበ ቁልፉን ይዝጉና መገናኛውን ያስተካክሉ። ካልረጠበ ካንዴላውን ይመልሱ፣ እሳት ማጥፊያውን ጎንዎ ያስቀምጡ፣ ያስነሱ። ከመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎሜትር በኋላ የሱፖርቶውን፣ የሰሌዳውንና የኋላውን ዘንግ ቡሎኖች በሙሉ በቶርክ ቁልፍ እንደገና ይፈትሹ።