በአሜሪካ መምህር ለመሆን ሲነሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ የገባ የአገራችን መምህር መጀመሪያ የሚጠይቀው «ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት የት ነው?» ብሎ ነው። እኔም ጠይቄያለሁ። ዘጠኝ ዓመት ኬሚስትሪ ካስተማርኩ በኋላ እንደ ትምህርት ሚኒስቴር ያለ አንድ በር ፈልጌ ነበር። እንዲህ ያለ በር የለም። ብዙው ስህተት የሚጀምረውም ከዚሁ ነው።

አሜሪካን እንደ አንድ ቢሮ ማየት

ላይሰንስ የሚሰጠው ስቴቱ ነው እንጂ ፌዴራል መንግሥቱ አይደለም። ዋሽንግተን አካባቢ ያለን ሰዎች ይህን በደንብ እናውቀዋለን። ሲልቨር ስፕሪንግ ለማስተማር የሜሪላንድ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ አሌክሳንድሪያ ለማስተማር የቨርጂኒያ። መሃል ያለችው ዲሲ ደግሞ የራሷ ቢሮ አላት። በአንድ ጠዋት ሦስቱን በሚያዳርሱበት ርቀት ሦስት ዓይነት ደንብ አለ። የአንዱን ፈቃድ ይዞ ወደ ሌላው መዛወር ይቻላል፣ ግን እንደገና ማመልከት ይጠይቃል።

ፈተናውም እንደዚሁ ነው። ብዙ ስቴቶች ፕራክሲስ የሚባለውን ይጠቀማሉ፤ የማለፊያ ነጥቡን ግን እያንዳንዱ ስቴት ለራሱ ይወስናል። ቴክሳስና ካሊፎርኒያ የየራሳቸው ፈተና አላቸው። ስለዚህ ሚኒሶታ ያለች ዘመድዎ «እኔ በዚህ መንገድ አለፍኩ» ብትልዎ እንኳን ደስ አለሽ ይበሉና የራስዎን ስቴት ድረ ገጽ ይክፈቱ።

ዲግሪውን ሻንጣ ውስጥ ይዞ መምጣት ይበቃል ማለት

አይበቃም። ዲግሪዎ በአሜሪካ ሚዛን ስንት እንደሚመዝን የሚገምት ድርጅት አለ። ደብሊውኢኤስ ከነዚህ አንዱ ነው። እነሱ የሚፈልጉት ዩኒቨርሲቲው ራሱ የላከውን ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው፤ እርስዎ በእጅዎ ያለው ኮፒ ብዙ ጊዜ ዋጋ የለውም።

የእኛ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የኮስት ሼሪንግ ዕዳ ያልከፈለ ተመራቂ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይወጣለትም። ቴምፖራሪዋን (ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃዋን) ይዞ የመጣ ሰው ይህን የሚያውቀው እዚህ ሆኖ ነው። ከዚያ ለወንድም ውክልና መላክ፣ ሬጅስትራር በር ላይ ማስቆም፣ «ሲስተም የለም» መባል ይከተላል። ገና አገር ቤት ካሉ ዕዳውን ዘግታችሁ፣ ማስረጃውን አስልካችሁ ውጡ እላለሁ።

ሌላም አለ። ግምገማው በየኮርሱ የተዘረዘረ መሆን አለበት። «ከአሜሪካ ባችለር ጋር እኩል ነው» የምትል አንድ ገጽ ርካሽ ናት፣ ለላይሰንስ ግን አትረባም። ስቴቱ ስንት ክሬዲት ኬሚስትሪ፣ ስንት ክሬዲት ፔዳጎጂ እንደወሰዱ መቁጠር ይፈልጋል። ብር ከመክፈልዎ በፊት ስቴቱ የየትኛውን ድርጅት ግምገማ እንደሚቀበል ያጣሩ። የሦስት ዓመት ዲግሪ ያላችሁ በተለይ ልብ በሉ። አንዱ ድርጅት እንደ ሙሉ ባችለር ሲያየው ሌላው ሊያጎድልበት ይችላል።

ፒጂዲቲ (ከዲግሪ በኋላ የሚሰጠውን የመምህርነት ዲፕሎማ) የተማሩ ሰዎች ደግሞ ዲግሪውን ብቻ ልከው እሱን ይረሱታል። የማስተማር ሥነ ዘዴውና ፕራክቲከሙ ያለው እኮ እዚያ ላይ ነው! እሱ ካልተላከ በወረቀት ላይ እርስዎ ኬሚስት እንጂ መምህር አይደሉም።

እንደገና ከሀ መጀመር

አንድ ጓደኛዬ ዲግሪ እያለው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቶ ሁለት ዓመት ፈጀ። ማንም አልነገረውም። ባችለር ላለው ሰው አማራጭ መንገድ አለ። ብዙ ስቴቶች ትምህርት ቤት ከቀጠረዎት ጊዜያዊ ፈቃድ ሰጥተው፣ እያስተማሩ የጎደለውን ኮርስና ፈተና እንዲያሟሉ ይፈቅዳሉ። ሂሳብ፣ ሳይንስ፣ ስፔሻል ኤዱኬሽን ወይም ኢኤስኤል (እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ ተማሪዎች እንግሊዝኛ ማስተማር) ከሆነ በሩ ይበልጥ ይከፈታል፤ እጥረቱ እዚያ ነው። በዲሲ ቻርተር ትምህርት ቤቶች (በመንግሥት ገንዘብ፣ ግን በራሳቸው አስተዳደር በሚሠሩት) ለማስተማር ደግሞ ሕጉ የከተማዋን ላይሰንስ አያስገድድም።

ትምህርት ከጀመሩም ቲች ግራንት የሚባለውን ገንዘብ ሳያነቡ አይፈርሙ። ግሪን ካርድ ላለው ሰውም ይሰጣል። ነገር ግን ትምህርቱን በጨረሱ በ8 ዓመት ውስጥ 4 ዓመት እጥረት ባለበት የትምህርት ዓይነት፣ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ተማሪዎች በሚበዙበት ትምህርት ቤት ካላስተማሩ ወደ ብድር ይለወጣል። ከነወለዱ።

«ዲግሪ ይዤ ረዳት?» ማለት

ወረቀቱ እስኪመጣ ወራት ያልፋሉ። ብዙዎቻችን ያን ጊዜ ኡበር እየነዳን እናሳልፈዋለን። አልፈርድም፣ ኪራይ አይጠብቅም። ግን ፓራ፣ ማለትም የመምህር ረዳት፣ ሆኖ መግባት ይቻላል። ታይትል 1 በሚባለው፣ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ተማሪዎች ለሚበዙባቸው ትምህርት ቤቶች በሚሰጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚደገፍ ፕሮግራም ውስጥ ለመሥራት ሁለት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት ወይም አንድ ፈተና ማለፍ ይጠየቃል። ክፍያው ትንሽ ነው። የሚገኘው ነገር ግን ትልቅ ነው፤ ርዕሰ መምህሩ ያውቅዎታል፣ እርስዎም ክፍሉ እንዴት እንደሚሠራ በዓይንዎ ያያሉ። እኔ ሰባ ልጅ ፊት የቆምኩ ሰው፣ ሃያ አምስት ልጅ እንዴት እንደሚያስቸግር የተማርኩት ፓራ ሆኜ ነው።

ለሁሉም እኩል ማድረግን ፍትሕ ብሎ መያዝ

አገር ቤት ጥሩ መምህር አያዳላም። ፈተናው አንድ፣ ሰዓቱ አንድ። እዚህ አይኢፒ የሚባል ነገር አለ። በፈረንጆቹ ከ1975 ሕግ የመጣ ነው። የአካል ጉዳት ወይም የመማር ችግር ያለበት ልጅ የራሱ ዕቅድ ይኖረዋል። ዕቅዱ «ጊዜ ተኩል ይሰጠው» ካለ ይሰጠዋል። «ጥያቄው ይነበብለት» ካለ ይነበብለታል። መምህሩ ደግ ስለሆነ አይደለም፣ ሕግ ስለሆነ ነው። «ይሄ ልጅ ሰነፍ እንጂ ምንም አልሆነም» ብሎ መዝለል ትምህርት ቤቱን ፍርድ ቤት ሊያቆም ይችላል። በመጀመሪያው ሳምንት የእነዚህን ልጆች ወረቀት ቁጭ ብለው ያንብቡ።

ጆሮ መቆንጠጥ? በፍጹም። አንዳንድ የደቡብ ስቴቶች ሕግ እስካሁን ቅጣቱን ባይከለክልም፣ እርስዎ አይሞክሩት።

ልጅ ቤቱ እንደሚመታ ቢጠረጥሩም «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» ብሎ ማለፍ የለም። መምህር የማሳወቅ ሕጋዊ ግዴታ አለበት። በብዙ ስቴቶች ለርዕሰ መምህሩ መንገር ብቻ አይበቃም፣ ራስዎ መደወል አለብዎት።

የሥራ ልምድን ከፊርማ በኋላ ማሰብ

የፐብሊክ ስኩል ደሞዝ ብዙ ጊዜ በሰንጠረዥ ነው። ወደ ታች የአገልግሎት ዓመት፣ ወደ ጎን የትምህርት ደረጃ። ከኢትዮጵያ ያመጡት ልምድ ከተቆጠረልዎ ከላይኛው ረድፍ ወርደው ይጀምራሉ፣ ደሞዙም ይጨምራል። ካልተቆጠረ ከዛሬ ከተመረቀ ልጅ ጋር እኩል ነዎት። ስንት ዓመት እንደሚቀበሉና እስከ መቼ ማስረጃ እንደሚያስገቡ ውል ሳይፈርሙ ይጠይቁ።

እኔ ዘግይቼ ከወረዳው ያስመጣሁት ደብዳቤ ማኅተሙ ያማረ ነበር። ግን «ከመስከረም 2000 እስከ ሰኔ 2008» ይላል፣ በእኛ አቆጣጠር። ተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ አስቀመጠው። ዲግሪዬ ላይ ያለው ደግሞ 2007 ነው፣ በፈረንጆቹ። የቀጠረኝ ካውንቲ ሠራተኛ ሁለቱን አስተያይታ «ሰባት ዓመት ያለ ዲግሪ ነው ያስተማርከው?» አለችኝ። ያን ዓመት አንደኛው ረድፍ ላይ ቀረሁ።