የትንሽ የአሜሪካ ከተማን የወንጀል ቁጥር ድሬዳዋ ተቀምጦ ማንበብ

«ድሬ ሰላም ናት ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ከድሬ ልጅ የአንድ ቃል መልስ አያገኝም። ታይዋን ገበያ በቀትር ነው ወይስ ሳቢያን ከመሸ በኋላ? በባጃጅ ነው በእግር? ስልኩ ኪስ ውስጥ ነው ወይስ ጆሮ ላይ? እንዲህ መልሶ መጠየቅ ትክክል ነው። ያው የድሬ ልጅ ግን ራሱ አሜሪካ ሊሄድ ወይም ልጁን ሊልክ ሲነሳ የከተማዋን ስም ኢንተርኔት ላይ ይጽፍና በቀይ የተጻፈ «አደገኛ» የሚል ቃል አይቶ ይደነግጣል። ወይ ደግሞ «ሰላማዊ ከሆኑት አስር ከተሞች አንዷ» የሚል አይቶ ሳያጣራ ኪራይ ይዋዋላል። እነዚያን ደረጃዎች የሚያወጡት በአብዛኛው የንግድ ድረ ገጾች ናቸው። የወንጀል ቁጥሩን የሚሰበስበው የአሜሪካ የፌደራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) ራሱ ከተማን ከከተማ በደረጃ ማስቀመጥ እንደሚያሳስት ያስጠነቅቃል። ስልክ፣ ካልኩሌተርና አንድ ከሰዓት በኋላ ካለዎት በራስዎ ማጣራት ይችላሉ።

በመጀመሪያ ከተማዋ የራሷ ፖሊስ እንዳላት ይወቁ። የአሜሪካ ወንጀል የሚቆጠረው በፖሊስ መምሪያ እንጂ ሰው በሚጠራው የሰፈር ስም አይደለም። ሐበሻ ሁሉ የሚያውቃት የሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ በሕግ ከተማ አይደለችም፤ የሞንትጎመሪ ካውንቲ (ካውንቲ በግዛት ሥር ያለ አስተዳደር ነው) አካል ናት፣ የሚጠብቃትም የካውንቲው ፖሊስ ነው። ስለዚህ «የሲልቨር ስፕሪንግ የወንጀል መጠን» የሚል ቁጥር ካዩ ከየት እንደተቀዳ ይጠይቁ። በአንጻሩ በጆርጂያ ያለችው ክላርክስተን ትንሽ ብትሆንም የራሷ ፖሊስ አላት። ሌላም ጥንቃቄ አለ፦ በፖስታ አድራሻ ላይ የተጻፈው የከተማ ስምና የከተማዋ ወሰን አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ቤቱ ከወሰኑ ውጭ ከሆነ የሚመለከትዎት የካውንቲው ሸሪፍ (የካውንቲው ሕግ አስከባሪ) ወይም ፖሊስ ቁጥር ነው።

ቀጥሎ ወደ ምንጩ ይሂዱ። ኤፍቢአይ ከ1930 ጀምሮ ከፖሊስ መምሪያዎች ቁጥር ይሰበስባል። አሁን «ክራይም ዴታ ኤክስፕሎረር» በተባለው ድረ ገጹ በነጻ ያሳያል። ግዛቱን ይምረጡ፣ ከዚያ የፖሊስ መምሪያውን ስም ያግኙ፣ የአምስት ዓመቱን ቁጥር ወረቀት ላይ ይገልብጡ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የአንዱ ዓመት ሙሉ ቁጥር የሚወጣውም ዓመቱ ካለቀ ከስምንትና ዘጠኝ ወር በኋላ ስለሆነ የዘንድሮውን አይፈልጉ። 2021 ላይ ሲደርሱ ቆም ይበሉ። በዚያ ዓመት ኤፍቢአይ ሙሉ በሙሉ ወደ አዲስ የአመዘጋገብ ሥርዓት ሲዞር፣ ኒው ዮርክና ሎስ አንጀለስን ጨምሮ በሺህ የሚቆጠሩ መምሪያዎች ሳያቀብሉ ቀርተዋል። ስለዚህ ባዶ ቦታ ወይም 0 ካዩ «ወንጀል አልነበረም» ብለው አይውሰዱት፤ «አልተላከም» ማለት ሊሆን ይችላል።

ቁጥሩ በሁለት ጎራ ይመጣል። አንደኛው በኃይል የሚፈጸም ወንጀል ነው፤ ግድያ፣ አስገድዶ መድፈር፣ ዝርፊያ (እኛ ማጅራት መቺ የምንለው እዚህ ይገባል) እና ከባድ ድብደባ። ሁለተኛው የንብረት ወንጀል ነው፤ ቤት ሰብሮ መግባት፣ ተራ ስርቆትና የመኪና ስርቆት። ሁለቱን ደምሮ አንድ «የወንጀል መጠን» የሚል ድረ ገጽ ካጋጠመዎት ይዝጉት። ከሱቅ የተሰረቀ ሻምፖና በሽጉጥ የተፈጸመ ዝርፊያ እኩል አንድ አንድ ሆነው ተቆጥረዋልና።

አሁን ስሌቱ። መጠን የሚባለው ከ100 ሺህ ነዋሪ ስንት ወንጀል እንደደረሰ ነው፦ የወንጀሉን ብዛት ለነዋሪው ብዛት ያካፍሉ፣ በ100,000 ያባዙ። ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 8,000 ሰው የሚኖርባት ከተማ አለች እንበል። አንድ ዓመት አንድ ሰው ተገደለ። 1 ለ8,000 ሲካፈልና በ100,000 ሲባዛ 12.5 ይሆናል። የመላ አገሪቱ የግድያ መጠን በ2023 ከ6 በታች ስለነበር ከተማዋ ከአማካዩ እጥፍ በላይ «ገዳይ» ሆነች ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ማንም ካልሞተ 0 ትሆናለች፣ «ሰላማዊ» ዝርዝር ላይም ትወጣለች። ከተማዋ ግን ያችው ናት። መፍትሔው የአምስቱን ዓመት ወንጀል ደምሮ ለአምስቱ ዓመት ነዋሪ ድምር ማካፈልና በ100,000 ማባዛት ነው፦ በአምስቱ ዓመት የተገደለው ያ አንዱ ብቻ ከሆነ 1 ለ40,000 (8,000 በ5)፣ ማለትም 2.5። ከ20 ሺህ ሰው በታች ባላት ከተማ የአንድ ዓመት የግድያ መጠን ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። ከባድ ድብደባና ቤት ሰብሮ መግባት በርከት ብለው ስለሚደርሱ የተሻለ ይናገራሉ። ለማነጻጸሪያ የ2023 አገራዊ መጠን በኃይል ለሚፈጸመው 364፣ ለንብረት ደግሞ 1,900 አካባቢ ነበር።

አካፋዩም ያታልላል። ነዋሪ ተብሎ የሚቆጠረው እዚያ የሚያድር ሰው ብቻ ነው፤ ለገበያ የሚመጣውና በአውራ ጎዳናው የሚያልፈው አይቆጠርም፣ የሚፈጽመው ስርቆት ግን ይቆጠራል። መጋላ ውስጥ በቀን የሚውለውን ሕዝብ ትተን የሚያድረውን ብቻ ብንቆጥር ምን እንደሚመጣ ያስቡ። እንበል 15,000 ነዋሪ ያላት ከተማ በዓመት 600 የንብረት ወንጀል መዘገበች፦ መጠኑ 4,000፣ ያስፈራል። ከ600ው 350 ከአንድ ትልቅ የገበያ አዳራሽ የተሰረቀ ዕቃ ከሆነ ግን ነዋሪው ደጃፍ የደረሰው 250፣ ማለትም 1,667 ነው። (ይህን ከአገራዊው 1,900 ጋር አያወዳድሩ፤ እዚያ ውስጥ የሱቅ ስርቆቱም አለበት። ተመሳሳይ ቅናሽ ካደረጉባት ጎረቤት ከተማ ጋር ብቻ ያወዳድሩ።)

ለፖሊስ ያልተነገረ ወንጀል ደግሞ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። የአሜሪካ የፍትሕ ስታቲስቲክስ ቢሮ የሚያወጣው ጥናት ከ1973 ጀምሮ ሕዝቡን በቀጥታ ይጠይቃል። ለፖሊስ የሚደርሰው በኃይል ከሚፈጸመው ከግማሽ በታች፣ ከንብረት ወንጀል ሲሶ ገደማ ብቻ መሆኑን ደጋግሞ አግኝቷል።

ከተማው ከተጣራ በኋላ ወደ ቤቱ ይውረዱ። የፖሊስ መምሪያው ድንገተኛ ላልሆነ ጉዳይ የሚደወልበት ቁጥር አለው፤ የድንገተኛ ጥሪው 911 አይደለም። በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ በእነሱ በጋ (በእኛ ክረምት) ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ድሬ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፣ ለመደወል ይመቻል። ለዚያ አድራሻ የ12 ወር «ኮልስ ፎር ሰርቪስ» ይጠይቁ፤ ፖሊስ ወደዚያ ግቢ የተጠራበት ዝርዝር ነው። አንዳንዱ መምሪያ በጽሑፍ አመልክቱ ይላል፣ አንዳንዱም ትንሽ ክፍያ ይጠይቃል። ሲደርስዎ የትራፊክ ማስቆምንና በስህተት የጮኸ ደወልን ይሰርዙ። የተኩስ ድምፅ፣ የተሰበረ መኪናና የተሰበረ በር ብቻ ቆጥረው ለአፓርታማው ብዛት ያካፍሉ። 200 ቤት ባለው ግቢ አምስት ጥሪና 12 ቤት ባለው አምስት ጥሪ አንድ አይደሉም።

አከራዩን ወይም ደላላውን «ሰፈሩ ሰላም ነው?» ብለው ሲጠይቁ «ፖሊስን ጠይቅ» ቢልዎት ደብቆኛል አይበሉ። በቤት ጉዳይ አድልዎን የሚከለክለው የ1968ቱ ሕግ ተከራይን በዘሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በትውልድ አገሩ ምክንያት ወደዚህ ወይም ወደዚያ ሰፈር መምራትን ስለሚከለክል ብዙዎቹ ስለ ሰፈር ከመናገር ይቆጠባሉ።

እዚያ ዘመድ ካለ በአካል ሄዶ በቪዲዮ ያሳይዎት፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ይሁን፣ እኛ ዘንድ ሊነጋ ሲል ነው። የፊት ለፊቱን አበባና የመዋኛ ገንዳ አይፈልጉ። ካሜራውን መኪና ማቆሚያው አስፋልት ላይ ያውርደው። መኪና በሚቆምበት መስመር አጠገብ እንደ ስኳር ድንጋይ የተፈረካከሰ፣ አረንጓዴ የሚመታ መስታወት ካለ የመኪና መስኮት ተሰብሯል፤ ሁለት ሦስት ቦታ ከታየ ልማድ ሆኗል። ቀጥሎ የደብዳቤ ሳጥኖቹን ያሳይዎት፤ ጠርዛቸው በብረት ተፈልቅቆ ከተጣመመ ፖስታ ይሰረቃል፣ የባንክ ካርድና የመኖሪያ ፈቃድ የሚመጡት ደግሞ በፖስታ ነው። የመግቢያው በር በድንጋይ ተደግፎ ክፍት ከሆነ መቆለፊያው ቢሠራም ባይሠራም አይጠብቅም ማለት ነው። ስንት መብራት እንዳለ ሳይሆን ስንቱ እንደሚበራ ይቁጠር።

ከገቡ በኋላ መኪና መቆለፍ፣ በብርድ ወራት ሞተሩን ለማሞቅ ቁልፉን ትቶ አለመግባት፣ ወርቅና ጥሬ ገንዘብ ቤት አለማከማቸት የመጀመሪያዎቹ ናቸው። የተከራይ ኢንሹራንስ ይግቡ፣ ለጌጣጌጥ በሚከፍለው ካሳ ላይ ግን ዝቅተኛ ጣሪያ ስለሚያስቀምጥ ውሉን ያንብቡ።

911 ሲደውሉ አስቀድመው አድራሻ ይናገሩ፤ የሞባይል ስልክ ፎቁንና የቤቱን ቁጥር ላያሳይ ይችላል። ከዚያ «አምሃሪክ» ይበሉና ይጠብቁ፤ ብዙዎቹ ማዕከላት አስተርጓሚ በስልክ ያስገባሉ፣ ጸጥታው ቢረዝም አይዝጉ። አድራሻውን ከነቤት ቁጥሩ በትልቁ ጽፈው ማቀዝቀዣው ላይ ይለጥፉ፤ ልጅ ልትጠብቅ ከድሬ የመጣች እናት ደንግጣም ቢሆን ከዚያ ታነበዋለች።