ጥምቀትን ኢራንቡቲ ለማክበር ስትሄዱ

ሰሜን ሸዋ፣ ምንጃር ሸንኮራ ወረዳ ውስጥ ወዳለችው ኢራንቡቲ መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ የደረስኩት ጥር 11 ረፋድ ላይ ነበር። ጸበሉ ተረጭቶ አልቋል። ሰዉ ጥላ ፍለጋ ላይ ነው። «ዋናው እኮ ትናንት ነበር፣ ልጄ» አሉኝ አንዲት እናት። ለማጽናናት ይሁን ለመውቀስ አልገባኝም።

ስለዚህ ቀኑን አትሳቱ። ከተራ ጥር 10፣ ጥምቀት 11፣ ቃና ዘገሊላ 12 ነው። እናንተ ግን ጥር 10 ከምሳ በፊት ድረሱ።

መንገዱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሰሜን ሸዋ ሲባል በደብረ ብርሃን በኩል ይመስላል። ምንጃር ሸንኮራ ግን የዞኑ ደቡብ ጫፍ ነው። ከአዲስ አበባ ስትነሱ ሞጆ ላይ ታጥፋችሁ፣ በኤጀሬ በኩል ወደ ወረዳው ከተማ አረርቲ ትገባላችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት እዚያ የሚኖር ሰው ደውላችሁ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። አልጋም ቀደም ብላችሁ ያዙ።

ልብስ ነጭ ይሁን። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባለው እዚህ የምር ነው። ጫማ ላይ ግን አትድከሙ፤ አዲስ ነጭ ስኒከር አድርጌ ሄጄ ማታ ቀለሙን መለየት አቃተኝ። የጤፍ አገር ነው፤ በጥር አቧራው አይጣል። ለሌሊቱ ጋቢ ያዙ።

ከተራ ከሰዓት በኋላ ጥሩ ቦታ ይዛችሁ ቁሙ። የሚመጡትን ታቦታት ያገሬው ሰው «44ቱ ታቦታት» ይላቸዋል። ከየአጥቢያው ተነስተው በየአቅጣጫው ይመጣሉ። መጀመሪያ የምታዩት አቧራ ነው። ቀጥሎ ከበሮ ይሰማል። ከዚያ የጥላዎቹ ቀለም ብቅ ይላል፣ ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ወርቃማው። ጎረምሶቹ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው እየጨፈሩ ከፊት ይመጣሉ። ምንጃሮች ትከሻቸው ላይ ስፕሪንግ የተገጠመ ነው የሚመስለው። አብራችሁ ግቡ፣ ማንም አይከለክላችሁም። ታቦት ሲያልፍ ግን መንገድ ልቀቁ። ካህናቱን ለሰልፊ አታስቁሙ፤ ድንኳኑ ውስጥም ስልክ አትደግኑ።

ሌሊቱን ማኅሌት አለ። ቢያንስ ጥቂት ሰዓት ቆዩ። ብርዱ ሲበረታ የሻይ ድንኳን ፈልጉ። ከሰል ላይ የተጣደ ጥቁር ማንቆርቆሪያ፣ ቅርንፉድ የሸተተ ሻይ፣ ትኩስ ዳቦ። ዝርዝር ብር ያዙ፤ በዚያ ሰዓት መልስ የሚፈልግላችሁ የለም።

ጸበሉ የሚባረከው ጠዋት ነው። ወደ ፊት ከተጠጋችሁ መራሳችሁ አይቀርም፣ ስልካችሁን በፌስታል ጠቅልሉት። ዩኔስኮ ጥምቀትን በ2012 ዓ.ም. መዝግቦታል፤ ጸበል የሚረጨው ዲያቆን ግን ካሜራ አይቶ አይራራም።

ስትወጡ አትቸኩሉ። ታቦታቱ ሲመለሱ መንገዱ የእነሱ ነው፤ መኪና ያለው ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃል። ያኔ ውረዱና አጅቧቸው።