በተርሚናል ላይ በቀስት ቁልፍ የሚመረጥ ዝርዝር እንዴት ይሠራል?

ለጊዜው ብቻ ለሚያገለግል ስክሪፕት አትድከሙ። በባሽ (ትእዛዝ በሚጻፍበት የተርሚናል ፕሮግራም) ውስጥ ያለው «ሴሌክት» ቁጥር የተሰጠው ዝርዝር ያወጣል፤ አማራጩ ከበዛ «ኤፍዜድኤፍ» የሚባለው ፕሮግራም እየጻፉ የሚያጣሩበትን ዝርዝር ያቀርባል። የሚከተለው ሌላ ፕሮግራም ሳያስጭኑ፣ በሊኑክስ ወይም በማክ፣ በፓይተን ለሚሠሩ ነው።

መጀመሪያ ግቤቱ ከተርሚናል መምጣቱን በ«ኢዝኤቲቲዋይ» አረጋግጡ። ከፋይል ወይም ከሌላ ፕሮግራም የሚመጣ ከሆነ ቀስት የሚጫን ሰው የለም፤ ስህተቱን ነግራችሁ ውጡ።

ቀጥሎ የተርሚናሉን ነባር ቅንብር አስቀምጡና ወደ «ሲብሬክ» ቀይሩት። ተርሚናል እንደ ወትሮው ከተተወ ኢንተር እስኪጫን ድረስ ለፕሮግራሙ ምንም አያቀብልም፤ በሲብሬክ ግን እያንዳንዱ ቁልፍ ወዲያው ይደርሳል። «ሮው» የሚባለውን አልመክርም። ኮንትሮል ሲ ፕሮግራሙን ማቋረጡን ስለሚያስቀር፣ ተጠቃሚው መውጫ ያጣል።

አስቸጋሪው ቁልፉን ማንበብ ነው። ወደ ላይ የሚያመለክተው ቀስት ሲጫን የሚመጣው አንድ ባይት ሳይሆን ሦስት ነው፦ 27፣ 91፣ 65። ወደ ታች ሲሆን የመጨረሻው 66 ይሆናል። ተርሚናሉ እንደተቀናበረበት ሁኔታ በ91 ፈንታ 79 ሊመጣ ይችላል፤ ሁለቱንም ተቀበሉ። ጣጣው ኤስኬፕ ቁልፍም ብቻውን 27 መላኩ ነው። መለያው ጊዜ ብቻ ነው፦ 27 ሲደርስ 50 ሚሊሰከንድ ያህል ጠብቁ፤ ሌላ ባይት ከተከተለ ቀስት ወይም ሌላ ልዩ ቁልፍ ነው፣ ካልተከተለ ኤስኬፕ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አንዱን ባይት በፓይተን «ስቲዲን ሪድ» ካነበባችሁ፣ ፓይተን ሦስቱንም ወደ ራሱ ማቆያ ይስባቸውና አንዱን ብቻ ይሰጣችኋል። ከዚያ ሌላ የሚነበብ እንዳለ ሲስተሙን ብትጠይቁ «የለም» ይላችኋል፤ ቀስቱ ሁሉ ኤስኬፕ ሆኖ ዝርዝሩ ይዘጋል። በ«ኦኤስ ሪድ» በቀጥታ አንብቡ። ኢንተርም አንዴ 10 አንዴ 13 ሆኖ ስለሚመጣ ሁለቱንም ፍቀዱ።

ሥዕሉ ቀላል ነው፦ ጠቋሚውን በተሣሉት መስመሮች ብዛት ልክ ወደ ላይ መልሱ፣ እያንዳንዱን መስመር አጥፍታችሁ እንደገና ጻፉ፣ የተመረጠውን ቀለሙን ገልብጡ። ረጅም መስመር ግን በስክሪኑ ስፋት ይቆረጥ፤ ወደ ታች ከተጠቀለለ የመስመር ቆጠራው ይዛባና ዝርዝሩ በራሱ ላይ ይደራረባል። ከስክሪኑ ቁመት የሚያልፍም ከሆነ የሚታየውን ክፍል ብቻ ሣሉ። ዝርዝሩን የስህተት መልእክት ወደሚወጣበት መስመር («ስቲዲኤረር»)፣ የተመረጠውን ወደ መደበኛው የውጤት መስመር («ስቲዲአውት») ላኩ። አለዚያ ውጤቱን በተለዋዋጭ የሚቀበል ስክሪፕት ሥዕሉንም አብሮ ይቀበላል።

ቅንብሩን መመለስና የደበቃችሁትን ጠቋሚ ማሳየት ፕሮግራሙ በስህተት ቢቋረጥም በሚሠራው የፓይተን ክፍል፣ በ«ፋይናሊ» ውስጥ ይሁን። ስትፈትሹ ሳትመርጡ በኮንትሮል ሲ ውጡና ጥቂት ፊደል ጻፉ። ካልታየ ቅንብሩ አልተመለሰም፤ የምትጽፉትን ባታዩትም «ሪሴት» የሚለውን ትእዛዝ ጽፋችሁ ኢንተር ተጫኑ።