ኤስኤስዲ ከተሰካ በኋላ የሚጠፉ የዚግቢ ሴንሰሮች፦ መፍትሔው

ሆም አሲስታንት (የቤት መሣሪያዎችን የሚቆጣጠር ሶፍትዌር) የሚሠራበት ራስበሪ ፓይ 4 (ትንሽ ባለአንድ ቦርድ ኮምፒውተር) ከኤስዲ ካርድ ወደ ዩኤስቢ ኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) ሲዛወር ፍጥነቱ ወዲያው ይታወቃል። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በዚግቢ (ለቤት መሣሪያዎች በሚያገለግል የአጭር ርቀት ገመድ አልባ ግንኙነት) የሚሠሩት የበርና የሙቀት ሴንሰሮች አንድ በአንድ ከመስመር ወጡ፣ መብራቶቹም ዘግይተው ይታዘዙ ጀመር። ባትሪ መቀየርም ሆነ እንደገና ማጣመር አልረዳም።

ጥፋቱ የሶፍትዌር አይደለም። ዩኤስቢ 3.0 ዳታ ሲያስተላልፍ ከገመዱና ከማገናኛው የሚወጣው የሬዲዮ ረብሻ ዚግቢ በሚጠቀምበት 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ያርፋል። የዚግቢ ዶንግሉ (የሴንሰሮቹን ሲግናል የሚቀበለው በዩኤስቢ የሚሰካ መሣሪያ) ከኤስኤስዲው አጠገብ ሲሰካ ከሩቅ ክፍል የሚመጣውን ደካማ ሲግናል መስማት ያቅተዋል።

ኤስኤስዲው በሰማያዊው፣ ማለትም በዩኤስቢ 3.0 ወደብ ይቆይ። ዶንግሉ ግን ወደ ጥቁሩ፣ ማለትም ወደ ዩኤስቢ 2.0 ወደብ ተዛውሮ በ1 ሜትር ማራዘሚያ ከቦርዱም ከዲስኩም ይራቅ። ወደብ መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ርቀቱ ነው። የዚግቢ ቻናል መቀየር አንዳንድ ሴንሰሮችን እንደገና ማጣመር ስለሚጠይቅ መጨረሻ ላይ ይሞከር፤ ዋይፋዩ ቻናል 1 ወይም 6 ላይ ከሆነ ለዚግቢ ቻናል 25 ጥሩ ምርጫ ነው።

ኃይሉንም ማየት ያስፈልጋል፤ የፓዩ አራት የዩኤስቢ ወደቦች በጋራ የሚሰጡት 1.2 አምፔር ብቻ ስለሆነ 5.1 ቮልት፣ 3 አምፔር የሚሰጥ ቻርጀር ግድ ነው፤ የስልክ ቻርጀር አይሆንም።